ማሟያ እንግዳ

«እሺ እናቴ፣ እርስዎስ ከየት ነው የመጡት?» አለች ልጅቷ፣ ፀጉሯን እያበጠረች፣ በመስታወቱ ውስጥ እናቷን እያየች።

«ከጓዳ።»

«እማዬ! የምሬን እኮ ነው።»

«እኔስ የምሬን አይደል? ሳህን አጥቤ ሳልጨርስ ጎትተሽ አመጣሽኝ።»

ልጅቷ ሳትወድ ሳቀች። ሳቋ ግን ወዲያው ተቆረጠ፤ ማበጠሪያውን አስቀምጣ እናቷ ፊት በርከክ አለችና እንደገና አስጠናቻት። የመጣሽው ከሌላ ከተማ ነው። የእህትሽን ልጅ ልትጠይቂ ነው። ይህን ሰፈር አይተሽው አታውቂም። እኔንም አታውቂኝም። ሰው ሰላም ቢልሽ ፈገግ ብለሽ እለፊ። ደግሞ በምንም ነገር ላይ «ተጠንቀቁ» እንዳትዪ። ይህን የመጨረሻውን ስትናገር ጣቷን ቀሰረች፣ እናት ድሮ ለእሷ ትቀስረው እንደነበረው። «አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ እማዬ፣ በሞቴ።» እናት ቶሎ ብላ፣ «በሞቴ አትበዪ» አለች። «በዚህ በማለዳ ሞት አትጥሪብኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ የምትሠራበት ቢሮ እንግዶችን በእግር እያዞረ ሰፈሩን ያስጎበኛል። እንግዶቹ ከስድስት ካነሱ ጉብኝቱ ይሰረዛል፤ አስጎብኚዋም ያን ቀን እንዳልሠራች ትቆጠራለች። ስለዚህ አስጎብኚዎቹ አንድ ብልሃት አበጅተዋል። ሰው ሲጎድል እህታቸውን፣ ጓደኛቸውን፣ የአክስታቸውን ልጅ ጥሩ ልብስ አልብሰው ከእንግዶቹ መሀል ይቀላቅላሉ። «ማሟያ» ይሏታል። የልጅቷ የዘወትር ማሟያ ፀጉር ቤት የምትሠራ ጓደኛዋ ነበረች፤ ያቺ ደግሞ ትናንት ጥርሷ አብጦ ግማሽ ፊቷ ዱባ መስሎ ዋለ። ዛሬ ደግሞ ሰው የሚጎድልበት ቀን አይደለም። ዛሬ ገምጋሚ አለ። ከቢሮው የሚላክ ሰው አብሯት ዞሮ፣ አይቶና ሰምቶ ወይ ቋሚ ሠራተኛ ያደርጋታል፣ ወይ ከነገ ጀምሮ አትምጪ ይላታል። አትምጪ ከተባለች ምን እንደምታደርግ እናት ታውቃለች። ለአንድ ደላላ ፎቶግራፏን ሰጥታለች፤ ሰው አገር ሄዳ በሰው ቤት ልትሠራ። ይህን ለእናቷ የነገረቻት ከወር በፊት ጀርባዋን ሰጥታ ልብስ እያጣጠፈች ነው፣ የዕለት ወሬ እንደምታወራ ሁሉ። እናትም «እሺ» ብቻ ብላ ወጣችና ግቢው ቧንቧ አጠገብ ቆማ ባዶ ባልዲ ስታይ ቆየች።

ቤታቸው አንድ ክፍል ናት። መጋረጃ ለሁለት ይከፍላታል። ከመጋረጃው ወዲያ እናትና ልጅ የሚተኙበት አልጋ አለ፤ ከመጋረጃው ወዲህ ደግሞ ማንም የማይተኛበት አልጋ አለ። እዚያ ላይ የታጠበ ልብስ ይከመራል፣ ብርድ ልብስ ይታጠፋል፣ ገበያ የዋለ ዘንቢል ያርፋል፤ ሰው ግን አይቀመጥበትም። የወንዱ ልጅ አልጋ ነበር። ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። በዚህ ቤት ስለ እሱ አይወራም። ማንም አታውሩ ብሎ አልከለከለም፤ እንዲያው አንዷ ሌላዋን ላለማስለቀስ ዝም አለች፣ ሌላዋም ዝም አለች፣ ዝምታውም እንደ ቁም ሣጥን ቦታ ያዘና በዙሪያው መዞር ለመዱ።

«በየት በየት ነው የምታዞሪያቸው?» አለች እናት ጫማዋን እያሰረች።

«ከአውቶቡስ መዞሪያው እንጀምራለን። ከዚያ ልባሽ ተራ፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ጋ፣ ሥዕል ያለበት ግድግዳ፣ ዳቦ ቤቱ። በቃ።»

ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ደረጃው ነው። ልጅቷ አልጠራችውም። እናትም አልጠየቀችም።

በሰፈሩ እናትን በስሟ የሚጠራት የለም። «ጉድ ፈላ» ነው የሚሏት፤ ዕድሜዋን ሲያከብሩ «እትዬ» ይጨምሩበታል። ሰማዩ ሲጠቁር ጎርፍ ይታያታል፤ ስልክ ሲጮኽ መርዶ ይሰማታል፤ የጎረቤት ሕፃን ሲያስል እሷ ከሐኪም ቤት ደጃፍ ደርሳ ትመለሳለች። ድሮ ሁሉም ይስቅባት ነበር፣ ልጆቿም ጭምር። ወንዱ ልጅ በተለይ፣ ከቤት ሲወጣ በሩን ይዞ «እሺ ጉድ ፈላ፣ ዛሬ በምን ልሙት?» ይላት ነበር፤ እሷም በእጇ ያለውን ጨርቅ ትወረውርበታለች። የፈራችው ከደረሰ በኋላ የሚስቅ ጠፋ። ቅጽል ስሙን ግን የተወው የለም፤ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው ይጠሩት ጀመር እንጂ።

ልጅቷ ቀድማ ወጣች። እናትም ጥርሷ ያበጠባትን ሴት ቦርሳ አንጠልጥላ፣ ሻርፗን አገጯ ድረስ ጠምጥማ፣ እንደማታውቃት ራቅ ብላ ተከተለች። አውቶቡስ መዞሪያው ላይ አምስት እንግዶች ቆመዋል፤ በቅርቡ የተጋቡ የሚመስሉ ወጣት ባልና ሚስት፣ ጡረታ የወጡ ሽማግሌና ባለቤታቸው፣ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ወፍራም ሰው። ከእነሱ ፈንጠር ብሎ፣ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ስልኩን የሚነካካው ገምጋሚው ነው። ልጅቷ እጇን አጨብጭባ ሰበሰበቻቸውና ከየት እንደመጡ በየተራ ጠየቀች። እናት ጋ ስትደርስ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

«እናቴ፣ እርስዎስ ከየት ነው የመጡት?»

ጠዋት የተጠናው ሁሉ ከእናት ጭንቅላት በኖ ጠፋ። «ከሩቅ» አለች። «ከሩቅ ነው የኔ ልጅ።» ደግነቱ በዕድሜ ገፋ ያለች ሴት ሁሉንም «የኔ ልጅ» ስለምትል ማንም ልብ አላለም።

ጉዞው ተጀመረ። አስጎብኚ ፊቱን ወደ እንግዶቹ አዙሮ ወደ ኋላው ነው የሚሄደው፤ እናት ይህን አታውቅም ነበር። ልጇ በዚያ ሰው በሚጋፋበት፣ ጋሪ በሚመጣበት፣ የቦይ ክዳን በተሰረቀበት መንገድ ላይ እየሳቀች፣ እጇን እያወዛወዘች፣ ወደ ኋላዋ ትሄዳለች። በየርምጃው «ዙሪና ሂጂ!» የሚል ቃል እናት ጉሮሮ ድረስ ይመጣል፤ ትውጠዋለች። ልጅቷ ግን መንገዱን በእግሯ ጣት ታውቀዋለች፤ ክዳን የሌለው ቦይ ጋ ስትደርስ ሳታይ ሰፋ አድርጋ ተራመደች፣ እንግዶቹም እሷን አይተው ተራመዱ። ድምጿ ደግሞ! ቤት ውስጥ «ጨው የት አለ» እና «መብራት ሄደ» ብቻ የሚወጣው ድምፅ፣ እዚህ እንደ ደወል ጥርት ብሎ ከሚኒባሱ ጥሩምባ በላይ ይሰማል። እናት ኩራት ቢጤ ደረቷ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ተሰማትና ፈራች። በኮራችበት ነገር ሁልጊዜ አንድ ነገር ይመጣበታል።

ልጅቷ ትናንት ማታ በየደጃፉ ዞራ፣ ነገ እናቴን እንደማታውቋት ሁኑልኝ ብላ ለምና ነበር። ሁሉም በዓይኑ እየሳቀ እሺ አለ። ጫማ ሰፊው ግን ሥራው አፉ እንጂ መርፌው አይደለም። ገና ሲያያቸው ከበርጩማው ተነስቶ እጅ ነሳ። «እንኳን ደህና መጡ የሩቅ እንግዳ! አገራችንን እንዴት አገኟት?»

«አገሩስ ደህና ነው» አለች እናት ሳትዞር። «ጫማ ሰፊዎቹ ወሬኛ ናቸው ብለውኝ ነበር፣ እውነት ነው መሰል።»

እንግዶቹ ሳቁ፤ ገምጋሚውም ሳይቀር ከስልኩ ቀና አለ። ልባሽ ተራ ሲደርሱ ደግሞ ነጋዴዋ፣ እናት ትናንት በግማሽ ዋጋ ተከራክራ የተወችውን ሹራብ አንስታ «ለእርስዎ የተሰፋ ነው የሚመስለው» ብላ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና የእንግዳ ዋጋ ጠራች። «ትናንት እኮ...» አለች እናት፤ ከዚያ ትን ያላት መስላ ማሳል ጀመረች። ነጋዴዋ ሹራቡ ውስጥ ፊቷን ደብቃ ተንፈቀፈቀች።

ልጅቷ በየደረሱበት ትናገራለች፤ እናት ደግሞ በሆዷ ትመልሳለች። ልጅቷ ስለ ቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ፣ «ይህን የመዶሻ ዜማ የሰፈራችን ሙዚቃ ነው የምንለው» አለች። እናት ደግሞ ከእነዚያ ሰዎች ግማሾቹ ጆሯቸው ደንቁሮ ሚስቶቻቸው በእጅ ምልክት እንደሚያነጋግሯቸው ታውቃለች። ልጅቷ የግድግዳውን ሥዕል፣ አበቦቹንና ወፎቹን እያሳየች ስታደንቅ፣ እናት ከግድግዳው ኋላ ያለውን የፍሳሽ ጉድጓድ ታስባለች፤ ሥዕሉ የተሣለው ሽታውን ሰው በዓይኑ እንዲረሳው ነው። እናትስ ብታስጎበኝ? እዚህ ጋ ሽቦ ወድቆ የአትክልት ሻጯን በቅሎ ገደለ፤ እዚህ ጋ የሁለት ቤት ልጆች የጠጡት ውኃ አሳመማቸው፤ እዚህ ጋ ሲመሽ አትለፉ። በሠላሳ ዓመት አንድ በአንድ ያጠናችው ይህን ነው። ሆኖም ልጇ የምታወራው ውሸት አልነበረም፤ ዜማውም አለ፣ ወፎቹም አሉ። እናት አንድ ሰፈር ውስጥ ሁለት ሰፈር እንዳለ፣ ልጇ የምትኖረውም በሌላኛው እንደሆነ ዛሬ ገና አየች። እሷ ካለችበት ሰፈር ልጇን ማን እንዳወጣላት ግን አላወቀችም።

ዳቦ ቤቱ ጋ ለእንግዶቹ ትኩስ ዳቦ ተቆርሶ ታደለ። ልጅቷ «እንግዲህ ጉብኝታችን እዚህ ላይ...» ብላ ልትዘጋ ስትል ገምጋሚው አቋረጣት።

«ደረጃውስ?»

«ዛሬ እንኳ ፀሐዩ ከብዷል፤ ትልልቅ ሰዎችም ስላሉ ብዬ...» ዓይኗ ወደ እናቷ ሄዶ ተመለሰ።

«ሰው ለምን የሚመጣ ይመስልሻል? ለዳቦ?» አለ ገምጋሚው፤ ሳቅ ብሎ ነው፣ ግን ስልኩን ኪሱ ከተተ። «እኔም ለማየት የመጣሁት እሱን ነው። ቀጥዪ።»

ልጅቷ ዳቦውን በእጇ እንደያዘች ቀጠለች። እናትም ተከተለች። መመለስ ትችል ነበር፤ እግሬን አመመኝ ማለት ትችል ነበር። ግን ስድስት ያልሞላ ጉብኝት ጉብኝት አይደለም። አራት ዓመት ሙሉ በዚህ አላለፈችም፤ ዱቄት ሲያልቅ፣ ሐኪም ቤት ስትሄድ፣ ለቅሶ ስትደርስ፣ በታች በኩል ዞራ ነው የምትመጣው፣ ሰው ቢጠይቃት ዳገቱን ጉልበቴ አልቻለም ትላለች። ደረጃው ያው ነበር። ሰፊ፣ የተሸራረፈ ድንጋይ፣ በአንድ ወገን የዳቦ ቤቱ ግድግዳ፣ በሌላው ወገን የብረት መደገፊያ፣ ከመደገፊያው ወዲያ ገደሉ፣ ከገደሉ ሥር በድንጋይ የተነጠፈው የጎርፍ ቦይ። ያኔ ብረቱ ዝጎ ነበር። አሁን ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ ከላይ እስከ ታች ደግሞ በመቶ የሚቆጠር ባለ ቀለም ጥብጣብ ታስሮበት በነፋሱ ይርገበገባል። ካሜራ ያለው ሰው «ኧረ ያምራል!» አለ።

ከመሀል ያለው ቋሚ ብረት የቱ እንደሆነ እናት ሳትፈልገው አወቀችው። ልጇ ጆንያ ዱቄት ተሸክሞ ወደ ዳቦ ቤቱ ሲወጣ፣ ትንፋሽ ሊወስድ ሸክሙን እዚያ ላይ አስደገፈ፤ ብረቱ ከነሥሩ ተነቀለ። ዱቄቱ ተበትኖ ቦዩ ነጭ ሆኖ እንደነበር የነገሯት አሉ፤ እሷ ስትደርስ ውኃ ደፍተውበት ነበር። ከዚያ በኋላ ያልረገጠችው ቢሮ የለም። በመጨረሻ አንድ ከጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠ ሰው፣ ሳይቆጣም ሳይራራም፣ «መደገፊያ የሚሠራው ለሰው ነው እንጂ ለጆንያ አይደለም፤ ጥፋቱ የልጁ ነው» አላት። ብረቱን ወደ ቦታው መልሰው በሽቦ አሰሩት። እሷ አሁንም ይወድቃል፣ ሰው ይገድላል እያለች ተመላለሰች፤ ዘበኞቹ ከሩቅ ሲያይዋት «ጉድ ፈላ መጣች» ማለት ጀመሩ። ከዚያ ቀለም ቀቡት።

ልጅቷ ጀርባዋን ለገደሉ ሰጥታ ቆመች። ድምጿ ዝቅ ብሏል፣ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ይህን የምኞት ደረጃ እንለዋለን። የሰፈራችን አንድ ልጅ ነበር፤ ዱቄት ተሸካሚ። ሸክሙን ይዞ ሲወጣ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ቆም ይልና ከተማውን እያየ ያፏጫል። ዳቦ ቤት ያሉት ፉጨቱን ሲሰሙ፣ ዱቄት መጣ ይላሉ። ታናሽ እህት ነበረችው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚህ ትጠብቀዋለች፣ እሱም ትኩስ ዳቦ በኪሱ ደብቆ ያመጣላታል። ኪሱ ዱቄት ስለሆነ ዳቦው ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ እሷም እፍ እያለች ትበላዋለች። ለእናታቸው አይነግሩም። እናታቸው ከሰማች፣ በቆሸሸ ኪስ የመጣ ዳቦ ሆድ ያሳምማል ትላለቻ።» እንግዶቹ ፈገግ አሉ። «አንድ ቀን ከዚሁ ደረጃ ተነስቶ ሩቅ አገር ሄደ። እስካሁን አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ሰው የናፈቀው ሁሉ እዚህ ጥብጣብ ያስራል።»

እናት ሻርፗን አፏ ላይ አደረገች። ስለ ዳቦው አታውቅም ነበር። ልጇ ከሞተ ወዲህ አንድም አዲስ ነገር ሰምታለት አታውቅም፤ ሟች አዲስ ነገር የለውም። አሁን በዚህ በጠራራ ፀሐይ፣ በማታውቃቸው ሰዎች መሀል፣ አንድ ነጭ ዳቦ ተጨመረላት። ለእሷ ሊሰጥ የሚገባውን ለመንገደኛ ሲያድሉት ቆማ የምታይ መሰላት፤ ደግሞ ልጅቷ ብትቀጥል፣ ሌላም ብትናገር ተመኘች።

«ደብዳቤም አይጽፍ?» አሉ የሽማግሌው ባለቤት።

«አይጽፍም።»

«አይ የዛሬ ልጅ! እናቱ እንዴት ትሆን?»

ልጅቷ የያዘችውን ዳቦ አየች። «እናቱ ደህና ናት» አለች።

ገምጋሚው ጥብጣቡን ከኪሱ አውጥቶ አደለ። ሽማግሌው ለባለቤታቸው አሰሩላቸው፤ ወጣቶቹም አሰሩ። ከዚያ ወጣቷ ሙሽራ ደስ ብሏት፣ «እዚህ ጋ አንሱን!» አለችና ፀጉሯን ወደ ኋላ ጥላ፣ ወገቧን በመደገፊያው ላይ ለማሳረፍ ወደ መሀለኛው ብረት ሄደች። ቀለሙ ከሁሉም የደመቀው፣ ጥብጣቡም የበዛው እዚያ ነው። እናት አፏን ከፈተች። ልጇን አየቻት፤ ልጇም አየቻት። የልጅቷ ፊት ላይ ያለው ልመና ነው ወይስ ፍርሃት፣ እናት መለየት አልቻለችም። ገምጋሚው ክንዱን አጣምሮ ቆሟል። «ተጠንቀቂ» ካለች፣ «ለምን?» ይላሉ። ለምን ካሉ፣ ሩቅ አገር የሄደው ልጅ እዚህ ቦይ ውስጥ ይወድቃል፤ እሷም ማን እንደሆነች ይታወቃል፤ ማሟያ ያመጣች አስጎብኚ ማታውን ትባረራለች፤ ደላላው ደግሞ ፎቶግራፉን ይዞ ይጠብቃል። ዝም ካለች ሙሽራዋ ትደገፋለች፣ የሰው ልጅ፣ ወገቧ ቀጭን።

አልተናገረችም። ከፊቷ የቆሙትን ሁለት ሰዎች በክንዷ ገፍታ፣ ሙሽራዋን ቀድማ፣ ብረቱ ሥር ድንጋዩ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«ደከመኝ ልጆቼ። ትንሽ ልረፍ።»

«እናቴ፣ ትንሽ ጠጋ ቢሉልን» አለች ሙሽራዋ በትሕትና።

«ከግድግዳው በኩል ተነሱ፤ ብርሃኑ እዚያ ነው የሚያምረው።»

«ጀርባው እኮ የሚታየው እዚህ ነው» አለ ካሜራ ያለው ሰው።

«እናቴ፣ ይነሱ እንጂ» አለ ገምጋሚው። «ሰው እየጠበቀዎት ነው።»

«ጉልበቴ ያዘኝ። አልነሳም።»

ገምጋሚው ወደ ልጅቷ ዘንበል ብሎ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማው፣ «ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ጉብኝቱ እንደሚከብድ አስቀድመሽ አትነግሪም?» አላት። «ይቅርታ፣ ሁለተኛ አይደገምም» አለች ልጅቷ። እናት እጇን ወደ ኋላ ልካ ቋሚውን ብረት ያዘች። ከቀለሙ ሥር፣ ከጥብጣቡ ሥር፣ ሊወልቅ እንደደረሰ የሕፃን ጥርስ ይነቃነቃል። የሽቦው ጫፍ መዳፏን ወጋት። አልለቀቀችውም።

ሙሽራዋ ግን ጥሩ ልጅ ነበረች። «ተዋቸው» አለች። «እንዲያውም አብረውን ይነሱ!» ብላ እናት ጎን ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች፤ ባሏም ከታች ባለው እርከን ላይ ተቀመጠ፣ ሁለቱም ከብረቱ ርቀው። ካሜራ ያለው ሰው ተንበርክኮ ማስተካከል ጀመረ። «እናቴ፣ እኔን አይዩኝ። ወደ ታች፣ ወደ ደረጃው መጨረሻ ይመልከቱ። ሰው የሚጠብቁ ይምሰሉ። አዎ! እንዲያ! እንዳይንቀሳቀሱ።»

አልተንቀሳቀሰችም።

ሁሉም ወርደው እስኪያልቁ፣ ልጅቷም የመጨረሻዋ ሆና እስክትወርድ፣ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ልጅቷ አጠገቧ ስትደርስ የያዘችውን ዳቦ እናቷ ጭን ላይ አስቀምጣ አለፈች። ታች ሲሰነባበቱ ገምጋሚው የእንግዶቹን አስተያየት ጠየቀ። እናት በሻርፗ የተጠቀለለውን እጇን ደብቃ፣ «ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ እናቷ ታድላለች» አለች። «ደረጃውስ?» ሲላት ግን ስልኩ ጮኸ፤ መልሷን ሳይሰማ ሄደ።

ልጅቷ ማታ ስትገባ እናት ያለ መብራት ተቀምጣ ነበር። ልጅቷ መብራቱን አበራች፣ ቦርሳዋን ሰቀለች፣ የእናቷን እጅ አየች። ውኃ አሙቃ፣ መዳፏን በጨው አጥባ፣ በንጹሕ ጨርቅ አሰረችላት። ጠረጴዛው ላይ ዳቦው አለ፤ አልተነካም።

«የዳቦው ነገር» አለች እናት። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ሆድሽን አሞሽ ያውቃል?»

ልጅቷ ሳቀች፤ ከዚያ የሳቀችበት ፊት ሳይለወጥ እንባዋ ወረደ። «አንድም ቀን። እማዬ፣ ታሪክ አምጪ ሲሉኝ ሌላ አልመጣልኝም። ሞተ አትበዪ፣ እንግዳ አይወድም አሉኝ። ሄደ አልኩ። በቀን አንዴ እንኳ ስለ እሱ የማወራበት ቦታ ባገኝ ብዬ ነው።»

እናት የታሰረውን እጇን ጭኗ ላይ አገላብጣ አየች። «ምን አሉሽ?» አለች በመጨረሻ።

«ቋሚ ሆኛለሁ። ያ ሰው ካሁን በኋላ አብሮኝ አይዞርም።»

እናት ዓይኗን ጨፈነች። ሰው አገር መሄዱ ቀረ። በደስታው መሀል ግን እንደ ልማዷ፣ የሚመጣውን ለመስማት ጆሮዋን አቆመች፤ መጣም።

«ፎቶውን ወደዱት» አለች ልጅቷ። «ያቺ የተቀመጠችው ሴትዮ ነፍስ ሰጠችው አሉ። ከነገ ጀምሮ ደረጃው በቀን ሁለቴ ይጎበኛል። አንዲት እናት እዚያ ብትቀመጥ ጥሩ ነው፣ የሰፈር ሰው ፈልጊ ብለውኛል።»

«ብረቱንስ? ስለ ብረቱ ነገርሻቸው?»

«ሁለቴ ነግሬያቸው አውቃለሁ። ቀለም የቀቡት እኔ ስነግራቸው ነው።»

ከጎረቤት ቤት የሬዲዮ ድምፅ ይመጣል፤ አንድ ሰው ስለ ነገው አየር እያወራ ነው። እናት ተነስታ ወደ ወንዱ ልጅ አልጋ ሄደች። የታጠፈውን ልብስ አነሳች፣ ብርድ ልብሱን አነሳች፣ ከሥሩ ያለውን ትራስ አውጥታ በደህናው እጇ አራገፈችው። በር አጠገብ፣ ከጫማዋ ጎን አስቀመጠችው። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው፤ ቀን ሙሉ ሲቀመጡበት ይበርዳል።

«እማዬ፣ ተዪው። ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

«ሌላ ሰው ይነሳል» አለች እናት። «ተነሱ ሲሉት ይነሳል።»

ልጅቷ ቀን በምትናገርበት ድምፅ ሳይሆን፣ በቤቱ ድምፅ፣ «እና ስለ አንቺ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?» አለች።

እናት ዳቦውን ከጠረጴዛው አነሳች፤ ለሁለት ገመሰችና ግማሹን ሰጠቻት።

«የዚያ ልጅ እናት ናት በያቸው። ይመጣል ብላ ነው የተቀመጠችው በያቸው።»